ነጭ የተቀባው አልጋ

ልጅ እያለሁ የሰፈራችንን የቤት ዕቃ ሁሉ በባለቤቱ ስም እጠራው ነበር። አባቴ የቢቸና አናጢ ስለሆነ የተሰበረ ወንበር፣ የላላ አግዳሚ፣ እግሩ የተናጋ አልጋ እኛ ግቢ ሳያድር አይጠገንም። የዋንዛ ፍቅፋቂና የኮላ ሽታ ከልብሴ አይለቅም ነበር፤ ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "ሣጥን ሣጥን ትሸቻለሽ" ትለኛለች።

አንድ በጋ የሰፈሩ ሰው ያረጀውን ጤና ጣቢያ ለማደስ ተነሳ። ግድግዳው ተመረገ፣ በኖራ ተቀባ። ለውስጡ ደግሞ እድሩ ከየቤቱ ያረጀ ዕቃ እንዲወጣና አባቴ እንዲያድሰው ወሰነ።

ከመጡት አልጋዎች አንዱ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩሰው ነበር። በዚያው አልጋ ላይ በወሊድ ሞተዋል፤ ባለቤታቸው ሊያዩት ስላልቻሉ ሰጡት። በእኛ አገር ወላድ በሞተችበት አልጋ ሌላ ወላድ አትተኛም። ቄስ ተጠርተው፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ጠበል ቢረጭ ግን ማንንም ቅር አይለውም ነበር። አባቴና የእድሩ ዳኛ አያ ቢተው ነገሩን በቀለም ሊጨርሱት አሰቡ። አባቴ የራስጌውን የአበባ ቅርጽ በመላጊያ አነሳው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀባው።

አያ ቢተው ዞር ዞር ብለው አዩት። "አንተ፣ ሙሽራ አስመሰልኸውኮ።"

"ሙሽራ ደግሞ ትናንት የት ነበርሽ ተብላ አትጠየቅም" አላቸው አባቴ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሎ እየበላሁ ነበር። እንዳትናገሪ ያለኝ ሰው የለም።

የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ ደብሬ፣ ያረገዘችው ስድስት ዓመት ከጠበቀች በኋላ ነው። ምጧ ሲመጣ እናቴና እኔ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አንሶላ ስታነጥፍ አክስቴ ራስጌውን ዳሰሰች።

"ሲያምር፤ ይህ ደግሞ ከየት መጣ?"

"የእትዬ ጥሩሰው አልጋኮ ነው! አባዬ አድሶት ነው" አልኋት፣ በአባቴ ሥራ እየኮራሁ።

አክስቴ እጇን ሰበሰበች። "በዚህስ አልተኛም።"

"ደብርዬ፣ ተይ። እንጨትኮ ነው" አለቻት እናቴ።

"እንጨት መሆኑንማ አላጣሁትም። አውጡኝ።"

ነርሷ መሬት ላይ ላንጥፍልሽ ብላ ለመነቻት። አክስቴ ከዚያ ክፍል ውስጥ አልወልድም አለች። የጭነት መኪና ተለምኖ ወደ ሞጣ ሆስፒታል ወሰዷት። መንገዱ ጠጠር ነበር። ደብረ ወርቅን እንዳለፉ መኪናው ላይ ወለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም። ሞጣ ሲደርሱ አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ፣ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ለመገነዣ አቡጀዲ ቀድደው ሰጧቸው።

አልጋው ከጤና ጣቢያው ወጣ። አያ ቢተው "ከቀለሙ በፊት ጠበሉ መቅደም ነበረበት" አሉ። አባቴ ግን ጥፋቱን ከገዛ እጁ ፈለገ። "አንደኛውን እግር በደንብ አልላግሁትም፤ ደብሬ በእሱ ለይታው ነው" ይል ነበር። ማን እንደነገራት አክስቴ ለማንም አልተናገረችም። እናቴም እንዲሁ።

ዛሬ ጤና ጣቢያው የብረት አልጋ አለው፤ ከየት መጣ ብላ የምትጠይቅ ወላድ የለችም። አክስቴ ዳግመኛ አልወለደችም። አባቴ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መላጊያውን ትቶታል። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፣ የሰውን ገመና ሳይቀር እጽፋለሁ። ያኔ ቃል አፌ ውስጥ አያድርም ነበር፤ "የነገርኋት እኔ ነኝ" የምትለዋን አንዲት ቃል ግን ይኸው ስንት ዓመት ይዣት እዞራለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ማዕድ ቀርበን ሳለ አባቴ የዚያን አልጋ እግር ነገር እንደገና አነሳ።

"ትንሽ ልጌው ቢሆን ኖሮ" አለ።

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት አጎረሰችኝ።