ያልመጣው ጎርፍ

ዛሬ ጠዋት የፎገራ ገበሬ ከብቱን እየነዳ አስፋልት ላይ ወጣ። ስልኩ ላይ «ጎርፍ መጣ፤ ከብት ይዛችሁ ሽሹ» የሚል መልእክት ደርሶት ነው።

ጎርፍ አልነበረም። ለገበሬው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የምልክበት መሥሪያ ቤታችን ሶፍትዌሩን አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሰጥቶ እያሠራ ነው። የድርጅቱ ልጆች ሲሞክሩት በእውነተኛ የገበሬ ስልክ ሞከሩት።

ደንግጬ ስደውልላቸው «ሙከራው ተሳክቷል፣ ሁሉም ጋ በፍጥነት ደርሷል!» አሉኝ። ውላችን የሚለካው ፍጥነቱን ብቻ ነውና እንኳን ደስ ያለን።

ጎረቤቴ አያ ደሴ ጥጃ ታቅፈው «ውሃው የታል፣ ልጄ?» አሉኝ። ይቅርታ ብጠይቃቸው «ሁለተኛ ይኸ ስልክ ቢጮህ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ብለው ተመለሱ።

አሁን ከርብ ወንዝ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እውነተኛው ጎርፍ ሲመጣ የምልከውን ማን ያምነኛል?