የማይነሳው ኮምፒውተሬና ያኮረፍኳቸው ጎረቤቴ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ኮምፒውተሬን ባበራው አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ «ሃርድ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቻ።

እዚሁ አምቦ አስተማሪ ነኝ፤ ከሥራዬ ጎን ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። ወንጪ እየተመላለስኩ ከገበሬዎች የሰበሰብኩት መረጃ፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ጭምር፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኮፒ ያደረግኩበትን ፍላሽ ቫይረስ በልቶታል። የማስረክበው ደግሞ ሰኞ...

ክዳኑን ፈትቼ ገመዶቹን ነቅዬ መልሼ ሰካኋቸው። ያው ነው። ጥገና ቤት ብደውል «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ሁሉም ይጥፋ ማለት እኮ ነው።

የቀረኝ መላ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሞከር ነበር። በሰፈራችን ከእኔ ሌላ ዴስክቶፕ ያላቸው ደግሞ ጎረቤቴ ኦቦ ቶላሳ ብቻ ናቸው። በጎርፍ ቦይ ተጣልተን ከተኮራረፍን ከርመናል። መንገድ ላይ ስንገናኝ እኔ ስልኬን አያለሁ፣ እሳቸው ሰማዩን።

ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ በራቸው ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ... አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱልኝ። እየተንተባተብኩ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ፎጣውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሴኒ... ግቢ እንጂ። በር ላይ ቆመን አንሠራውም» አሉኝ።

ቁርሳቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ኮምፒውተራቸውን ፈቱት። የእኔን ዲስክ ከሳቸው ጎን ሰክተን አበራነው። ትንሽ ዝም አለ... ከዚያ ፎልደሮቼ ብቅ ብቅ አሉ።

«ዲስክሽ ደህና ነው። የተበላሸው ገመዱ ነው» አሉ። እንባዬ መጣ።

ሁሉንም በሳቸው ፍላሽ ላይ ገልብጠን ዲስኬን ነቀልኩ። የሳቸውን ኮምፒውተር ስናበራው ግን... «ሃርድ ዲስክ አልተገኘም»።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኦቦ ቶላሳ ግን ስክሪኑን ትንሽ አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በይ እንግዲህ፣ አሁን እኩል ሆንን።»

ለካ የእኔን ስነቅል የሳቸውን ገመድ አላልቼው ኖሯል። እሱን እስክናገኝ ምሳ ደረሰ። ባለቤታቸው አዴ ድርቤ ሳትበይ አትሄጂም ብለው አስቀመጡኝ። ስወጣ ኦቦ ቶላሳ ትርፍ ገመድ ሰጡኝ። ቤቴ ገብቼ ስሰካው ኮምፒውተሬ ምንም እንዳልሆነ ተነሳ።

ሰኞ ጽሑፌን አስረከብኩ። አማካሪዬ የምስጋናውን ገጽ አይተው «ኦቦ ቶላሳ ደግሞ የየትኛው ዲፓርትመንት ናቸው?» አሉኝ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አልኩ... እንዲህ ካልኩ ስንት ጊዜዬ!