በአሸንዳ የሚወርደው አተላ

ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የምሰማው የባልዲዋን ድምፅ ነው። እዚህ ጎተራ፣ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳም ተክዬባታለሁ፤ ጠብታው ጠርዟን ሲመታው ትጮኻለች። አፈሯ ሲርስ ደግሞ የኮመጠጠ የጠላ አተላ ይሸተኛል። ለሌላ ሰው ብናገረው አበደች እባላለሁ። አንቺ ጎረቤቴ፣ ትናንት «እትዬ፣ ይቺን ዝገታም ለምን አይጥሏትም? እኔ አዲስ እገዛልዎታለሁ፣ በቃ!» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ባልዲዋ የእኛ ቤት ዕቃ አልነበረችም። እናቴ ባልዲዋ የማን እንደሆነች ለሰው ሳትናገር ሞተች። እኔ ግን እንደሷ አይደለሁም።

ያደግኩት ካዛንቺስ፣ አሁን ከነአጥሩ በፈረሰው ሰፈር ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ ከአልጋ አልተነሳም። እናቴ የሰው እህል እየለቀመች፣ የሰው በርበሬ እየቀነጠሰች ልታኖረን ሞከረች፤ አልሆነም። አንድ ቀን የአባቴን ቁስል እየመጣች የምታጥብለት የክሊኒክ ነርስ፣ ያረገዘች አሳማ በፒክአፕ ጭና አመጣችልን። ቃል ያስገባቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስትወልድ ሴቶቹን ግልገሎች ከአንቺ ለባሰበት ቤት ትሰጫለሽ። እነሱም ለሌላው እንደዚሁ።»

ሥጋውን እኛ አንነካውም። ሲደልቡ ፈረንጅ ለሚያርፍባቸው ሆቴሎች የሚያቀርብ ነጋዴ በቁማቸው ይወስዳቸው ነበር። እናቴ የንስሐ አባቷን ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ «አትብዪው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አልጠይቅሽ፣ አንቺም አትንገሪኝ» አሏት።

እናቴ ለጋጣው የምትለብሰው ቀሚስ ውጪ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ስትወጣ እዚያው አውልቃ እጇን እስከ ክርኗ መጀመሪያ በአመድ፣ ቀጥሎ በሎሚ ትፈትግ ነበር። ያን ሳታደርግ ዕቃችንን አትነካም። ትምህርት ቤት ግን «የአሳማዋ ልጅ መጣች፣ አፍንጫችሁን ያዙ!» ከመባል አላዳነኝም። የሚስቅ አባቴ ብቻ ነበር። አሳማዋ ከግድግዳው ወዲያ ስታንኮራፋ፣ «እኔና እሷ አንድ ነን፤ ተኝተን እንቀለባለን። ልዩነታችን እሷ ትወልዳለች» ይል ነበር።

ምግባቸው አተላ ነበር። አተላው ከየት ይመጣ እንደነበር ልንገርሽ። ከአጥሩ ወዲያ የእድራችን ዳኛ ሚስት ጠላ ትጠምቅ ነበር። አተላውን ትሸጥልናለች፣ ግን ባሏም ሰፈሩም እንዳያውቅ። የእሷ ባልዲ ደግሞ የእኛን እንዳይነካ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አሮጌ አሸንዳ አሾለከች። ማለዳ ቆርቆሮውን በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እናቴ ባልዲያችንን ትደቅናለች፤ እሷ ከወዲያ ታፈሳለች፤ በአሸንዳው እየተንኳለለ ይወርዳል። ቃል አይለዋወጡም። እኔ በቀዳዳው የማየው ባልዲዋን ብቻ ነበር፣ ማንጠልጠያው ላይ ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመባትን።

አሳማዋ ወለደች። እናቴ ቃሏን ጠብቃ አንዷን ግልገል ለልብስ አጣቢዋ፣ አንዷን አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ጥሎ ለመጣው ወታደር ሰጠች። ከእነሱ ደግሞ ግልገሉ ወደ ሌላ ቤት አለፈ። ማታ ጭስ የማይታይባቸው ቤቶች ጭስ ይታይባቸው ጀመር። ይህን ጊዜ ነው ሰፈሩ የተነሳብን።

አንድ እሁድ እድሩ ተሰብስቦ እናቴን አቆማት። ዳኛው፣ «ወይ እሪያውን ወይ እድሩን ምረጪ» አላት። እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ፣ «ለቀብሬ ብዬ ልጆቼን በቁማቸው ልቅበር?» አለች።

«በልጆቿ አታመካኝ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ከሁሉ በላይ የጮኸችው ግን የዳኛው ሚስት ናት። «በስመ አብ! እሪያ በነካ እጅ የእድሩን ድስት ልታማስል ነው?» ብላ ወደ መሬት እንትፍ አለች። ያን ዕለት ማለዳ አተላዋ በአሸንዳው ወርዷል! እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። አልተናገረችም። ስማችን ከእድሩ ተፋቀ።

ቤት ስንገባ አለቀስኩባት። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ነገ አሳማዎቹ ምን ይበላሉ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እሷም ብትሆን ከዚያች አተላ ሌላ የራሷ የምትለው ነገር የላትም። ባሏ የጠላውን ገንዘብ እየቆጠረ ይወስድባታል» አለች። ለእኔ እግዜር እንዲህ ያለ ልብ አልሰጠኝም፤ ዛሬም የለኝም።

አባቴ በዚያው ክረምት ሞተ። እናቴ ዓይኑን ከደነችና ደጃፍ ቆመች። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል። አይነፋልንም፤ ታውቃለች። ቢሆንም ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። ያን አቋቋሟን አልረሳውም።

ዝምታውን የሰበረችው ልብስ አጣቢዋ ናት፤ በጭቃው ቤት ለቤት እየዞረች ለፈፈች። ወታደሩ በክራንቹ እየተደገፈ የጋጣችንን ሸራ ከጣሪያው አወረደ፤ አጥበው ድንኳን አደረጉት። ግልገል የደረሳቸው ቤቶች ሁሉ፣ ያለው ንፍሮ፣ የሌለው ውሃ ይዞ መጣ። አባቴን እነሱ ተሸክመው ኡራኤል ቀበሩት። የእናቴ እድር እነሱ ሆኑ።

ከቀብር መልስ አመሻሹ ላይ እናቴ ከፍራሹ ቀና ብላ፣ «አሳማዎቹ! ጦማቸውን ዋሉ» አለችኝ። ሮጥኩ። ጣሪያው ተነስቷልና ዝናቡ ጋጣው ውስጥ ይወርዳል ብዬ ነበር። አንድ ሰው ቆርቆሮ ደርቦበታል። ገንዳው በአተላ ተሞልቷል፣ እናትየዋ አሳማ አፍንጫዋን ነክራ ትበላለች። አሸንዳው ደርቋል። ጭቃው ላይ የሴት እግር ዱካ አለ፣ በእኛ በር በኩል ገብቶ የወጣ። ገንዳው ሥር፣ አተላ እንደተለቀለቀች፣ ማንጠልጠያዋ ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ባልዲ ተቀምጣለች።

ለእናቴ አምጥቼ አሳየኋት። ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። «እጠቢና አስቀምጪያት» አለች። «ገንዳቸውን ነክታለችና ሴትየዋ ከእንግዲህ ጠላ አትቀዳባትም፤ ስለእኛ ከስራታለች።»

እኔ ግን ተናደድኩ። በሰው ፊት የነሳችንን በጓሮ መለሰችልን ብዬ። ባልዲዋን ተሸክሜ እድሩ መሀል ላስቀምጣት ስንት ዓመት አሰብኩ። ባለፈው ዓመት የዳኛው ሚስት ቀብር ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ «ለድሃ አዛኝ ነበረች» ተባለ። የአሸንዳውን ነገር ልናገር ተነሳሁ። ያ የእግር ዱካ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ።

ይቅር አላልኳትም፤ ይቅር አለቻት ብለሽ እንዳታወሪልኝ። ዝናቡ ሲጠነክር ግን ተነስቼ ባልዲዋን ከበረንዳው ጫፍ ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋታለሁ። የባሰ እንዳትዝግ።