በመቀሱ ማጠፊያ የቀረው ደም

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንት ጥቃቅን ኃጢአት ዘርዝሬ፣ ይቺን ግን እየዋጥኋት ተነሥቻለሁ። ለእናንተ ልናገራት፤ ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል።

ከዛሪማ ወዲያ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርሁ። ቁስል ስንሰፋ ክር የቆረጥንበት መቀስ በረኪና ውስጥ ይነከራል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው በእንፋሎት የሚቀቀለው። መፈተጉ የእኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን ያን የሚያሟልጭ ቀይ ውሃ፣ በተለይ ማጠፊያው ውስጥ የረጋውን ደም እጠየፍ ነበርና ለቅለቅ አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ መቀቀያው እጥለዋለሁ። ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ከጠቆረ «ንጹሕ ነው» እላለሁ፤ የሚያጠቁረው ሙቀት እንጂ ንጽሕና እንዳልሆነ እያወቅሁ። የሰው ደም ቀቅዬ ንጹሕ ነው አልሁ! ከደሙና ከእኔ የሚያስጠይፈው ማንኛችን ነው?

አያ ፈንታ የሚባሉ ገበሬ እጃቸውን ማጭድ ቆርጧቸው መጡ። ጥቅሉን ፊታቸው ፈታሁት። መቀሱን ስከፍተው የደረቀ ደም ፍርፋሪ ጨርቁ ላይ ወደቀ።

«ምነው ልጄ፣ ይኸ የማን ደም ነው?» አሉኝ።

«ዝገት ነው አያ» አልኋቸው።

«ሸጋ» ብለው እጃቸውን ሰጡኝ። ሌላ እስኪቀቀል ጊዜ ይፈጃል፣ ምሳ ሰዓቴም ደርሷል። ለምሳ ብዬ! በዚያው መቀስ ክሩን እየቆረጥሁ ሰፋኋቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመለሱ እጃቸው አብጦ ከስፌቱ መግል ይወርዳል፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። እኔስ ምን አልሁ? ሚስታቸውና ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በዚህ እጅ ከብት ስትነካኩ ነው! ንጽሕና አታውቁም!» ብዬ ጮህሁባቸው። አፍንጫዬንም ያዝሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ወደ ጎንደር ላክናቸው። እጃቸው ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቻቸው ግን ደርቀው ቀሩ። እርፍ መጨበጥ ስላቃታቸው መሬታቸውን፣ እህሉን በእኩል ሊካፈሉ፣ ለሌላ አራሽ ሰጡ።

ዛሬ አዘዞ ቤት ሠርቼ ልጆች አሳድጋለሁ። «ልጅ ነበርሽ፣ በገጠር ደግሞ ውሃ የለም» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ውሃ ነበረ። ብሩሽም ነበረ። እኔ ነኝ ያልፈተግሁት፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ልጠይቃቸው የሚገባኝ እሳቸውን ነበር። ከጎንደር እንደ ተመለሱ ግን እሳቸው ናቸው ጤና ጣቢያው ድረስ መጥተው፣ በሰው ፊት ዝቅ ብለው፣ «ቆሽሼ መጥቼ አስከፋሁሽ፤ ይቅር በይኝ ልጄ» ያሉኝ።

እኔም «ይቅር ብያለሁ» አልኋቸው።