የኦርጋኑ ድምፅ አልቆም ያለ ዕለት

በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ ትልልቅ ባለቧንቧ ኦርጋኖችን የመጠገን ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ግራም ከቁልፎቹ ፊት አስቀመጠኝና፣ «አንዷን ተጫን፤ ‹ቀጥል› እስክልህ እንዳትለቅ» አለኝ። እሱ በትንሿ በር ወደ ኦርጋኑ ሆድ ገባ። ከውስጥ ሆኖ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ይቃኛል፤ እኔ እጫናለሁ። እስከ ምሳ ድረስ ከ«ቀጥል» በቀር ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ደሴ ሳለሁ አናጢ ነበርኩ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር ያለው ወርክሾፕ የቀጠረኝም መሮና መላጊያ ስለማውቅ ነው። ሙስሊም ነኝና፣ ባለቤቴ ዘሀራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልሠራ መሆኔን ስትሰማ «ምን ልትሠራ?» አለችኝ። «እንጨትና ቆዳ ልጠግን» አልኳት። «እንጨትማ እንጨት ነው» ብላ ተወችው።

ቀስ በቀስ ሥራው ገባኝ። ቧንቧዎቹ የሚቆሙት የንፋስ ሣጥን በሚባል ትልቅ የእንጨት ሣጥን ላይ ነው። ከሥራቸው በቆዳ የተለበጡ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። ቁልፍ ሲጫኑ ክዳኗ ትከፈታለች፤ ሲለቁ ትዘጋለች። በቆዳውና በእንጨቱ መሀል ቅንጣት ሰጋቱራ ከገባ ግን አትገጥምም፤ ቧንቧው ማንም ሳይነካው ይጮኻል።

አንድ ሐሙስ ፊትዝሮይ በሚባል ሰፈር ባለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የተሰነጠቀ የንፋስ ሣጥን ጠግነን ጨረስን። «ሰጋቱራውን በቫኪዩም መጥረጊያ ጠርገኸዋል?» አለኝ ግራም። «አዎ» አልኩት። ጥጋ ጥጉ ቀርቶኝ ነበር። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምወስደው እኔ ነበርኩና ቸኩዬ ነበር።

በማግስቱ እዚያው የቀብር ጸሎት ነበር። ግራም ለማንኛውም ብሎ ከኦርጋን ተጫዋቿ አጠገብ አስቀመጠኝ። ሄለን ይባላሉ፤ ሰባ ያለፋቸው ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ሶሉ የሳሳ ጫማ ቀይረው ተቀመጡ። ሁለቱ እጆቻቸው በተለያየ የቁልፍ ረድፍ ላይ ይሄዳሉ፤ እግራቸው ሳያዩት ከታች ያለውን መርገጫ ያገኘዋል። እስከዚያ ቀን ኦርጋን ለእኔ ነጠላ ነጠላ ድምፅ ነበር። ሙሉውን ሲናገር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። የተቀመጥኩበት እንጨት ከሥሬ ይርዳል።

መሀል ላይ እጃቸውን አነሱ። አንድ ቀጭን ድምፅ ግን አልቆመም። ለቀስተኛው ቀና ቀና አለ። እኔ ወደ ትንሿ በር ዞርኩ።

ሄለን ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። «ግባ፤ እኔ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እጃቸውን መለሱና ያንኑ እምቢ ያለውን ድምፅ መሀል አድርገው በዙሪያው ሌላ ዜማ ይሠሩ ጀመር።

ገብቼ መሰላሉን ወጣሁ። ውስጥ ሲሆኑ ጆሮ አይለይም፤ ከቧንቧዎቹ አፍ ፊት ጣቴን እያሳለፍኩ ሄድኩ። ሌሎቹ ይተነፍሳሉ፣ ያርፋሉ። አንዷ አታርፍም። ከሥሯ ነቀልኳት፤ ዝም አለች። ሄለን ከውጭ ዜማውን አንድ ሁለቴ አዙረው፣ ሳይቸኩሉ ዘጉት።

ጸሎቱ ሲያበቃ የሟች ሚስት መጥተው የሄለንን እጅ ያዙ። «እስከ ዛሬ አላለቀስኩም ነበር። ያ ረጅሙ ድምፅ አስለቀሰኝ» አሏቸው። ሄለን እጃቸውን እንደያዙ ቆዩ እንጂ ስለ ብልሽቱ አልተነፈሱም።

ግራም መጥቶ ሣጥኑን ሲከፍት ሰጋቱራ አገኘ። «ይሄ ከየት መጣ?»

ዝም ብል ከተሰነጠቀው እንጨት የረገፈ ነው ይባል ነበር። «ከእኔ ነው» አልኩ። «ሳልጨርስ ጠርጌያለሁ ብዬህ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ቀብር እኮ ነበር፣ ሰዒድ» አለ። ከስድብ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ሄለንን «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ሌላ ጊዜ ያልጨረስከው ካለ አስቀድመህ ንገረኝ» አሉኝ።

ዛሬ እኔም ሠራተኛ አሠለጥናለሁ። ያልተጠናቀቀን ሥራ አልተጠናቀቀም ብሎ መናገር ራሱ የሥራው ክፍል ነው እላቸዋለሁ። የእኛን ጥፋት ዜማ አድርጎ የሚሸፍን፣ እንደ ሄለን ያለ ተጫዋች ሁሌ አይገኝም።