ሳይነገር የዋለ ግድ

ናጅዋ መርሳ ላይ፣ ከሻይ ቤቷ ጓሮ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጃገረዶች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «ጋታ» በሉ ትላቸዋለች፤ ይላሉ። «ሃፍታ» በሉ፤ ይላሉ። የሕፃን ማባበያ እየመሰላቸው ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

እሷም በተማሪነቷ የግዴታ ቃል ብላ የሸመደደችው «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» የሚሉትን ነበር። ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ገብታ ግን እነዚያን ቃላት ሙሉ አድርጎ የሚናገር ሰው አጣች። የቤቱ እመቤት እንግሊዝ ናት። ከደረጃው ላይ ሆና፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ «አለብሽ» ለማለት «ዩ ጋታ» ትልና የቀረውን ትውጠዋለች። ቃሉ ያጥራል፤ ሥራው ግን አያጥርም። «ጋታ» የተባለው ሳያልቅ እንቅልፍ የለም። ናጅዋ አገሯ ስትመለስ፣ እንደ ዕቃ የታዘዝኩበትን ቃል በሰው ላይ አላወጣም ብላ ማለች። ኋላ የደረሰውን ጉድ ሁሉ ያመጣው መሐላዋ ነው። መሐላዋና ይሉኝታ የምንለው ያገራችን በሽታ።

ያኔ የምትኖረው መርሳ አጠገብ ባለችው ግራና ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት የውጭ ሐኪም ሰው ልታክም በመኪና መጣች። የሚተረጉምላት ነርስ ወልድያ ስብሰባ ተጠርቷል። መቼም በኛ አገር በሽተኛ ይጠብቃል እንጂ ስብሰባ አይጠብቅም። ናጅዋን ጥሩ፣ የፈረንጁን አፍ ታውቃለች ተባለ።

በሽተኛዋ ሁሪያ ናት፤ የናጅዋ የልጅነት ጓደኛ። መውለጃዋ ቀርቧል። ራሷን ሲፈልጣት ሰንብቷል፤ ፊቷም አብጧል። ባሏ ሳውዲ ስለሆነ የሚወስኑላት አማቷ ሐጂ ሙባረክ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካች፣ እግሯን ጫን ጫን አደረገችው፣ የራሷም ፊት ልውጥ አለ። ዛሬውኑ ወልድያ ሆስፒታል ካልገባች እናትም ልጅም አይተርፉም ብላ በጥድፊያ ተናገረች። ናጅዋ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሀል «ጋታ»ን ለቅማ ሰማቻት። አልተሳሳተችም። ያቺን ቃል እንደ ገዛ ስሟ ታውቃታለች።

ወደ ሐጂ ዞረች። ከስደት ባዶ እጇን ተመልሳ መንደሩ ሲያማት፣ «ልጄ ናት» ብለው የሰውን አፍ ያዘጉላት እኚህ ሰው ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው «አለብዎ» ይባላል? ሽማግሌ ይለመናል እንጂ ይታዘዛል?

«ሐጂ፣ ቢቻልዎ ወልድያ ሄዳ ብትታይ ጥሩ ነው ይላሉ» አለች።

«መልካም ብለዋል። ነገ ጁምዓን ሰግደን፣ አብሯት የሚሄድ ሰው ፈልገን፣ ኢንሻአላህ እንወስዳታለን።»

ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀች። በራሷ መኪና ልታደርሳት አስባ ነበር። ናጅዋ «ነገ» መባሉን ሳታነሣ ይወስዷታል አለቻት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ሐኪሟ እፎይ ብላ ወደ ሐራ አለፈች። ያ መኪና ባዶ ወንበሩን ይዞ ሄደ።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ፈረንጆቹ ግዴታን ያሳጥሩታል እንጂ አያቀሉትም። እኛ ግን «ቢቻልዎ»ን፣ «ጥሩ ነበር»ን፣ «እንደ ፈቃድዎ»ን እየደራረብን፣ እሹሩሩ ብለን እናስተኛዋለን። ለስድብ ሲሆን አንደበታችን ይረዝማል፤ ነፍስ ለማዳን ሲሆን ምላሳችን ይተሳሰራል። ደግሞ ይህን ጨዋነት እንለዋለን!

ያንኑ ዕለት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሁሪያ ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። ወዲያው ሰውነቷ ይንፈራገጥ ጀመር። ናጅዋ ወደ መስጊድ ሮጠች። ሐጂ ከወንዶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ቆማ፣ ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ እንዲህ አለች፦

«ሐጂ፣ አሁኑኑ ሊወስዷት ይገባል። አለብዎ። ግድ ነው። ጠዋትም ግድ ነበር።»

አብዱልሐሊም የሚባለው ጎረቤታቸው፣ ይቺ ደግሞ ከዓረብ አገር ያተረፈችው ምላስ ብቻ ነው አለ። ሐጂ በከዘራቸው ዝም አሰኙትና ተነሡ። አልተቆጡም። አጠገቧ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

«ታዲያ ጠዋት እንዲህ ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

ናጅዋ ቀድማቸው ወደ ሁሪያ ተመልሳ ሮጠች።

ባጃጅ ተገኘ። ሁሪያ በናጅዋ ጭን ላይ ተኝታ፣ ሐጂ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተጣብበው፣ የግራናን ኮረኮንች ወረዱ። መርሳ ሳይገቡ ሁሪያ መንፈራገጧን ተወች። ናጅዋ ተሻላት ብላ አሰበች። ጥቂት ቆይታ ነው የሁሪያ እጅ መቀዝቀዙን ያወቀችው።

በተዕዚያው፣ በሁሪያ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ የአላህ ቀደር ነው አላት። ሐጂ አልወቀሷትም፤ ቢወቅሷት ይቀላት ነበር። በመንገድ ባገኟት ቁጥር «ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ?» ማለታቸውን ቀጠሉ። ያን ሰላምታ መሸከም ሲያቅታት ነው ግራናን ጥላ መርሳ የገባችው።

አሁን ልጃገረዶቹን «ጋታ» ካስባለች በኋላ አንድ በአንድ ታስነሣቸዋለች። በገዛ አባታችሁ ፊት እንደቆማችሁ አድርጋችሁ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላችሁ «አለብዎ» በሉ ትላለች። ያኔ ሳቁ ይጠፋል። በቀደም ሀስና የምትባለው ተማሪዋ አፏን በሻርፗ ሸፍና፣ ለአባቴ እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል አለች።

«እፈሪና በይው» አለቻት ናጅዋ።

ልጅቷ ሞከረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም።

«ድገሚው።»