ዝናብ ጥለን ወደ በርበራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርት አቁሜ ልብስ ስፌት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የደንበኛ የወገብና የትከሻ ልክ ነው። ይህን ጉዞ መጻፍ የነበረበት ወንድሜ ናቲ ነበር። የጅጅጋ ልጆች የሚያነቡት የቴሌግራም ገጽ አለው። ግን መኪና ስለማይስማማው ከወጃሌ እስከ በርበራ ላስቲክ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሄደው። "ያየሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ጻፊ። ፊደሉን እኔ አርምልሻለሁ" አለኝ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ስጽፍ ግን ማንም ስለማያየኝ ይሻላል ብዬ ጀመርኩ።

አርብ ንጋት፣ ጅጅጋ

ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረው ዝናብ አላባራም። አራታችን ከነሻንጣችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቀን መናኸሪያ ደረስን። አባዬ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። እማዬ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ጋቢ ታቅፋለች።

አባዬ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሩዝና የስኳር ጆንያ ሲረከብና ሲያስረክብ ኖሯል። ዕቃው ሁሉ ከመርከብ የወረደ ነው፤ እሱ ግን መርከብ አይቶ አያውቅም። "ጡረታ ሳልወጣ አንድ ቀን አጠገቡ ሄጄ አየዋለሁ" ሲል ነው ያደግነው። ቅርባችን ያለው ወደብ የሶማሌላንዱ በርበራ ነው፤ እዚያ ያለ አንድ አስጎብኚ በሰው አገኘና ቀጠሮ ያዘ።

እማዬ መርከብ ጉዳይዋ አይደለም። እሷ የምትሄደው ሃሊማን ፍለጋ ነው። እማዬ ስትወለድ አያቴ ታማ ወተቷ ደረቀ። ያኔ ጎረቤታቸው የነበረችው ሃሊማ የራሷን ልጅ ዓሊን በአንድ ጡት፣ እማዬን በሌላው ጡት አጥብታ አሳደገች። እማዬ አፏን የፈታችው "ሆዮ" ብላ ነው፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። እንዲያ ያለቻት ሃሊማን ነው። ቆይቶ ጦርነት መጣ፣ ሰፈሩ ተበተነ፣ ሃሊማም ልጇን ይዛ ሄደች።

ዓምና ከወጃሌ ጨርቅ የምታመጣልኝ ነጋዴ፣ በርበራ ውስጥ ጅጅጋን እያነሳች የምታወራ ሃሊማ የምትባል አሮጊት እንዳለች ነገረችኝ። ዳሮሌ በሚባለው በአሮጌው ሰፈር፣ ከመስጊዱ ኋላ፣ አረንጓዴ በር። ስልክ ቁጥሯንም ላምጣ ብላ ነበር፤ እማዬ ግን አልፈለገችም። "እመጣለሁ ካልኳት ፍየል ታርዳለች። በእርጅናዋ ዕዳ አላስገባትም። ሳትዘጋጅ ነው የምደርስባት" አለች።

ወሩንም የመረጥነው እኛው ነን። ናቲ ከትምህርት የሚያርፈው ክረምት ላይ ነው፤ ፍልሰታ ከገባ ደግሞ ዓሣ ስለማይበላ አባዬ ሐምሌ ይሁን አለ። አስጎብኚው በስልክ "ሐምሌ እኮ ሙቀት ነው" ቢለው፣ አባዬ "ሙቀት ነው የናፈቀን፣ ወንድሜ" ብሎ ዘጋው።

ረፋድ ላይ፣ ወጃሌ

ከጅጅጋ እስከ ወጃሌ ሜዳ ነው። ስንዴው አረንጓዴ ነበር፤ መንገዱ ዳር ግመሎች ዝናቡን ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ጫቱም ሰውም ዶሮውም አብሮ ስለተጫነ እግሬን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ወጃሌ ጭቃ ናት። ወረቀታችንን አስመትተን በእግር ተሻገርን።

ማዶ አስጎብኚው ጃማ ከነመኪናው ይጠብቀናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ልጅነቱን በሐርቲሼክ የስደተኛ ካምፕ አሳልፎ፣ አማርኛውን ጅጅጋ ገበያ ነው የለመደው። ለአባዬና ለናቲ እጁን ሰጠ። ለእማዬና ለእኔ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጅጅጋም ሃይማኖት የሚያጠብቁ ወንዶች ሴት በእጅ አይጨብጡም፤ ለምደነዋል፣ አልከፋንም።

ጃማ ሻንጣችንን ሲጭን ላስቲኩን ነካ አድርጎ "እናቴ፣ ይሄ ጋቢ ነው?" አላት።

"ጋቢ ነው። ለሰው ነው።"

"በሐምሌ ጋቢ የሚለብስ ሰው ካገኘሽልኝ፣ እኔ አስጎብኚነቱን ትቼ አንቺን ተከትዬ እዞራለሁ።"

እማዬ ፈገግ አለች እንጂ ለማን እንደሆነ አልነገረችውም። የቤቷን ጉዳይ ለማያውቁት ሰው አታወራም።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ሁሉ መሪው በስተቀኝ ነው፤ የሚነዳው ግን እንደኛው መንገዱን ቀኝ ይዞ ነው። አባዬ ፊት ከተቀመጠበት ከግራ በኩል፣ ቀደም እንበል ሲባል አንገቱን አውጥቶ "እለፍ"፣ "ቆይ፣ ጭነት መኪና መጣ" እያለ ሲያገለግል ዋለ። ሐርጌሳ ላይ ጃማ ጁምዓ ሰግዶ እስኪመጣ ጠበቅነው። ገንዘብ መንዛሪዎቹ ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም አይሰርቃቸውም። አርብ ስለሆነ ወተት የሌለበት ሻይ ብንጠይቅ ባለሻይዋ "ምነው፣ አሟችኋል?" አለች።

ከሐርጌሳ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ግራርና ድንጋይ፣ ድንጋይና ግራር። አባዬ መጀመሪያ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን አወለቀ። በርበራ ስንደርስ መስኮት ብንከፍት የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተብን መሰለን። ናቲ ብቻ ላስቲኩን አስቀምጦ "ደረስን?" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በርበራ

ጃማ ፀሐይ ሳትበረታ ቀስቅሶ አወጣን። መጀመሪያ የወሰደን ባሕሩ ዳር ነው። ባሕር እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም፤ ጫፍ የለውም። አባዬ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። "እውነትም ጨው ነው" አለ፣ እስከዛሬ እንደዋሹት ሁሉ።

ከሩቅ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሰማያዊ መርከብ ቆሟል። አባዬ ዓይኑን አልነቀለም። ጃማም "ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበርድ ዓሣ አጥማጅ ወዳጄ በጀልባው ይወስድሃል። ከመርከቡ ሆድ ሥር ትደርሳለህ። ብረቱን መንካት ትችላለህ" አለው። አባዬ እንደ ልጅ ጀልባው ጣራ አለው ወይ፣ ይወዛወዛል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ አሮጌው ሰፈር ገባን። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ነጭ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ፎቃቸው እንጨት ነው፣ ብዙው ፈርሷል። ጃማ ይህን ቱርክ ሠራው፣ ይህን እንግሊዝ፣ በዚህ በኩል ውሃ ከተራራ ሥር በቦይ ይመጣ ነበር እያለ ያሳየናል። አንድ ጊዜ ከትልቅ የሽርሽር መርከብ የወረዱ ፈረንጆችን በዚሁ መንገድ እንዳዞራቸውም ነገረን። "እነሱ ድንጋዩን ፎቶ ያነሳሉ። እናታችሁ ግን በር በር ብቻ ነው የምታየው" አለ።

እውነቱን ነው። እማዬ ጋቢውን ታቅፋ ወደኋላ ቀርታ ትሄዳለች፤ በየበሩ ትቆማለች። እኔን ያስገረመኝ ግን ዝምታው ነው። ልጅ አይጮህም፣ ሱቅ ተዘግቷል፣ ነፋሱ አሸዋ ይዞ በመንገዱ ብቻውን ይሮጣል።

ከመስጊዱ ኋላ አረንጓዴውን በር አገኘነው። ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ ደፉ ላይ አሸዋ ተከምሯል።

እማዬ ቆመች። ማንኳኳት አያስፈልግም ነበር፣ ግን አንኳኳች። ማዶ ጥላ ሥር ውሃ የምትሸጥ ሴት "ማንን ነው?" አለች በሶማሊኛ።

"ሃሊማን።"

"ሐጋ አይደለም እንዴ? በሐጋ ማን በርበራ ይቀመጣል? ሼኽ ከተማ ናቸው፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ። ከአሮጌው ትምህርት ቤት ጀርባ።"

ጃማ ወደ እኛ ዞረ። "ለሰው ነበር እንዴ የመጣችሁት? ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ ለመርከብ መስሎኝ ነው። ሐጋ ሲገባ እኮ አገሩ በሙሉ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በርበራ የሚቀረው የወደብ ሠራተኛና ድመት ነው። ለሰው ካላችሁኝ ጥር ላይ ኑ እላችሁ ነበር።"

እኛ ጅጅጋ ክረምት ሲሆን ቤታችን ነው የምንከተተው። በክረምት ከተማውን ቆልፎ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሼኽ ተራራው ላይ ነው፤ ወደ ሐርጌሳ ከሚወስደው መንገድ ሌላ ነው። አባዬ ሰኞ ሥራ ስላለው ማታ ሐርጌሳ ማደር አለብን። ወይ ጀልባው ነው፣ ወይ ሼኽ። ጃማ ይህን አስረድቶ አባዬን አየው። አባዬ ወደ ክሬኖቹ አየ።

እማዬ ቀደመች። "ይቅር። በሯን አየሁ፣ ይበቃኛል" አለች። ጋቢውን ለውሃ ሻጯ ዘርግታ "ስትመለስ ስጪልኝ" አለቻት። ሴትዮዋ ተቀበለች።

ያኔ "ሼኽ እንሂድ" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ናቲ ብቻ "ምን አልሽ?" አለኝ።

"ሼኽ እንሂድ" አልኩ እንደገና። ጮክ ብዬ ስለነበር ውሃ ሻጯም አየችኝ። "እማዬ ይበቃኛል ስትል አልበቃትም ማለት ነው። ቤት ውስጥ ምግብ ሲያልቅም እንዲሁ ነው የምትለው።"

እማዬ "ዝም በይ አንቺ" አለችኝ። ዝም በይ ተብዬ አላውቅም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው።

አባዬ "መርከቡ የትም አይሄድም" አለ።

"አባዬ፣ መርከብ እኮ ሥራው መሄድ ነው" አለው ናቲ።

"ታዲያ ሌላ ይመጣል በለኛ።" ከዚያ ሄዶ ጋቢውን ከውሃ ሻጯ በትሕትና ተቀብሎ መኪናው ውስጥ አስገባው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሼኽ

በመንገድ ቆመን የተጠበሰ ዓሣ ከሩዝና ከሙዝ ጋር በላን። ናቲ ፊቱን አዞረ። ከዚያ መኪናው ተራራውን እየተጠማዘዘ መውጣት ጀመረ፤ በየመታጠፊያው አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከላይ ስንደርስ ጃማ አቆመልን። በጥር ቢሆን ባሕሩ ከዚህ ይታያል አለ። አባዬ ጉም መሳዩን ነጭ ነገር ሁሉ እየተመለከተ ቆየ።

"ያ መርከብ አይደለም?"

"ደመና ነው፣ አባቴ።"

ከአሮጌው ትምህርት ቤት ጀርባ ዝቅ ያለ ነጭ ቤት አለ። ሽበታም ሰው በሩ ላይ ተቀበለን። የሃሊማ ልጅ ዓሊ ነው፤ እኛን ግን አላወቀንም። ለአባዬ እጁን ሰጠ፤ እማዬ ስትቀርብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸ። ከኋላው ምንጣፍ ላይ አንዲት ትንሽ አሮጊት መቁጠሪያ ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ ብዙ አያይም።

እማዬ ፊቷ ተንበረከከችና "ሆዮ" አለቻት።

"ማነች?"

"የጅጅጋዋ አስቴር ነኝ።"

"አስቴር ሕፃን ናት" አለች አሮጊቷ።

"አድጌ ነው።"

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ የእማዬን የእጅ አንጓ ያዘች። በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ "በየት መጣሽ?" አለቻት።

"በበርበራ።"

"በሐጋ በርበራ? ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?"

"የምታስተምሪኝ አንቺ ጥለሽኝ ሄድሽ።"

ሃሊማ ሳቀች፤ አንጓዋን ግን አልለቀቀችም። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ "ዓሊ፣ ምን ቆመሃል? ያጠባኋት አስቴር ናት። እህትህ ናት" አለችው።

በእስልምና ከአንዲት ሴት ጡት የጠቡ እንደ ሥጋ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም፣ አይራራቁም። ዓሊ እማዬን አየ። ደረቱ ላይ የነበረውን እጁን አወረደና ዘረጋላት። ሲጨብጣት በሁለት እጁ ነው። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። የእህት ልጅ ነኝና ለእኔም ዘረጋልኝ። መዳፉ እንደ ገመድ ሻካራ ነው። ጃማ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

የግመል ወተት መጣ። ሃሊማ ለምን ሳትነግሪኝ መጣሽ ብትላት እማዬ "ፍየል እንዳታርጂ ብዬ ነው" አለቻት። ቅዳሜ ስለሆነ ጠጣን፤ እማዬ እስከ ታች ጨረሰችው። ወደ ማምሻው ብርድ ሲመጣ እማዬ ጋቢውን አውጥታ ለሃሊማ አለበሰቻት። ጃማ "እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ምሪ፣ እኔ እከተላለሁ" አለ። ናቲ ደግሞ "እንዲህ ከሆነ ሒሳቡን እኛ እንቀበላለን" አለው።

አባዬና ዓሊ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓሊ ወደብ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ኖሮ ያረጀ ሰው ነው።

"ጆንያውን የምትቀድዱት እናንተ ናችኋ" አለው አባዬ።

"መንጠቆው ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን?"

"የፈሰሰውን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

ዓሊ የመርከቡ ሆድ ውስጥ ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚያስተጋባ ነገረው። አባዬ ጀልባውን መልሶ አላነሳም።

እሑድ፣ ጅጅጋ

ሐርጌሳ አድረን፣ በወጃሌ ጭቃ ተሻግረን ቤት ገባን። ዝናቡ እንደተውነው እየጣለ ነው። አባዬ ካፖርቱን ለበሰ፤ ጫማው ውስጥ የበርበራ አሸዋ ነበረበት፣ አላራገፈውም። እማዬ በመንገድ ብዙ አላወራችም፤ ጎረቤት መጥቶ ጉዞው እንዴት ነበር ሲላት "ደህና ነበር፣ ቤተሰብ ጋር ነበርን" አለች።

ትናንት ከሼኽ ስንነሳ እማዬ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገብታ ነበር። ሃሊማ ጋቢውን እንደተከናነበች በሩ ድረስ ወጥታ እኔን ጠራችኝ። ዓሊ ስልክ ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገባልኝ። እሷ በዚያ በማያየው ዓይኗ ፊቴን ፈልጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ዝምተኛዋ፣ እናትሽ ፍየሉ አሳዝኗት አትደውልም። አንቺ ደውዪልኝ።"